ፓርክ ውስጥ ያልታሰረ ውሻ፦ ሕጉ ምን ይላል? (እንግሊዝ ላላችሁ)

የመንታ እናት
ሰላም ቤቶች። እንግሊዝ ያላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፣ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ሰፈራችን ያለው ፓርክ ሄድኩ። ጋሪውን እየገፋሁ ስሄድ ከሜዳው ማዶ አንድ ትልቅ ውሻ እየበረረ መጣና ሁለት የፊት እግሩን ጋሪው ላይ ሰቅሎ አንደኛዋ ልጄ የያዘችውን ብስኩት ከእጇ ላጥ አድርጎ በላው። ምራቁ እጇ ላይ ቀረ። ልጅቷ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ "አይዞሽ ፍሬንድሊ ነው" ይላል። ገመዱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣ በሰውየው አንገት ማለቴ ነው። ለምን አታስረውም ስለው "እዚህ ፓርክ ገመድ ግዴታ አይደለም" ብሎኝ ሄደ። ካውንስሉ (የሰፈሩ አስተዳደር) ጋ ብደውል ለፖሊስ ንገሪ አሉኝ። ፖሊስ ጋ ስደውል ደግሞ ነክሷል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነከሰም ስል ነገሩ እዚያው አበቃ። ሕግ የለም እንዴ በዚህ አገር?

የማታ ሺፍት
እህቴ እዚህ አገር ውሻ ከሰው በላይ ነው። ተይው፣ ደምሽ አይፍላ። እኛ አገር ቢሆን ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ ያነሳሽ መምሰል ብቻ ይበቃ ነበር።

ቡኒ እና እኔ
ይሄ "ውሻ ከሰው በላይ ነው" የምትሉት ነገር ሰለቸን። እኔ ውሻ አለኝ፣ ሰው ሲመጣ እጠራታለሁ፣ አስራታለሁ፣ ያልፋሉ፣ እፈታታለሁ። ያ ሰውዬ ባለጌ ነው፣ እሱን አልከላከልም። ግን የነገረሽ ነገር ውሸት ላይሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ "ውሻ የትም ፓርክ ይታሰር" የሚል አንድ አጠቃላይ ሕግ የለም።

ድንጋይ የምትለው ወንድሜ ደግሞ ተጠንቀቅ። እዚህ ውሻ ብትደበድብ በ2006 የእንስሳት ደኅንነት አዋጅ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

አንቀጽ በአንቀጽ
ቆይ ቆይ። "ገመድ ግዴታ አይደለም" ማለትና "ሕግ የለም" ማለት ለየቅል ናቸው። ሰውየው የመጀመሪያውን ነግሮሽ ሁለተኛውን ነው ያስዋጠሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የገመዱ ነገር ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። በ2014 (ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሰፈር የሚያውኩ ድርጊቶችን የሚመለከት አንድ አዋጅ ወጣ። የአዋጁ አንቀጽ 59 ካውንስሎች "የሕዝብ ቦታ ጥበቃ ትእዛዝ" እንዲያወጡ ይፈቅዳል፣ በአጭሩ ፒኤስፒኦ የሚሉት ነው። መንገድ ላይ መጠጥ ለመከልከልም ለሌላም ይሠሩበታል፣ ውሻ ላይ ግን ብዙ ካውንስሎች ይጠቀሙበታል። ካውንስሉ በትእዛዙ ላይ የልጆች መጫወቻ አጥር ውስጥ ውሻ ጭራሽ አይግባ፣ ኩሬው ዙሪያ በገመድ ይሁን፣ አንድ ሰው ከዚህ ቁጥር በላይ ውሻ ይዞ አይምጣ፣ ሥልጣን የተሰጠው ሠራተኛ "እሰረው" ሲል ይታሰር፣ ካካውን አንሳ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አንዱን ጽፎ ሌላውን የሚተውም አለ። ጎረቤት ካውንስል ሌላ ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቂው "ሕጉ ምን ይላል" ሳይሆን "የዚህ ፓርክ ትእዛዝ ምን ይላል" ነው።

ይህን የጣሰ ሰው ቦታው ላይ ቲኬት ሊቆረጥለት ይችላል። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ፓውንድ ነው። ካልከፈለና ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። ትእዛዞቹ የሚይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ውሻውን የያዘውን ሰው ነው። የእህቴ ነው፣ የጓደኛዬ ነው ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ፖሊሱ ጥያቄ። "ነክሷል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። የ1991 የአደገኛ ውሾች አዋጅ አንቀጽ 3 ውሻ "በአደገኛ ሁኔታ ከቁጥጥር ውጭ" እንዲሆን መተው ወንጀል ነው ይላል። በማንኛውም ቦታ፣ በማንኛውም የውሻ ዝርያ። ከ2014 ጀምሮ ደግሞ የግል ግቢንም ቤትንም ይጨምራል። ከቁጥጥር ውጭ ማለት ምን እንደሆነ እዚያው አዋጅ ላይ አለ፦ ሰውን ይጎዳል ብሎ ለመስጋት በቂ ምክንያት ካለ ይበቃል፣ ጎዳም አልጎዳም። ንክሻ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ንክሻው የሚጨምረው ቅጣቱን ነው። ጉዳት ሳይደርስ እስከ 6 ወር እስር ነው፣ ሰው ከተጎዳ እስከ 5 ዓመት፣ ሰው ከሞተ እስከ 14 ዓመት።

የመንታ እናት
@አንቀጽ በአንቀጽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ የኔ ነገር እዚያ ውስጥ ይገባል?

አንቀጽ በአንቀጽ
እውነቱን ልንገርሽ፣ አወዛጋቢ ነው። "እኔ ውሻ እፈራለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም፣ ሌላ አስተዋይ ሰው እዚያ ቢቆም ይሰጋ ነበር ወይ ነው የሚባለው። ዝም ብሎ አጠገብሽ ያለፈ ውሻ አይገባም። ሕፃን ያለበት ጋሪ ላይ የተሰቀለ፣ ባለቤቱ ሊጠራው ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ትልቅ ውሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠበቃ ቢሆን ሁለቱንም ጎን ይሟገትበታል።

ግን ወንጀል ባይሆንም መንገዱ አልተዘጋም። በዚያው በ2014 አዋጅ ካውንስሉም ፖሊስም ለአንድ ሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወቂያ አላቸው። ድርጊቱ የሚደጋገም ከሆነና የሰፈሩን ሰው ካወከ መጀመሪያ በጽሑፍ ያስጠነቅቁታል፣ ካልሰማ ማስታወቂያው ይመጣል። ውሻህን በዚህ ፓርክ እሰር፣ ሥልጠና አስገባው፣ ግቢህን አጥር ሊሉት ይችላሉ። ማስታወቂያውን መጣስ ወንጀል ነው። "የሚደጋገም" የምትለዋን ልብ በይ። አንቺ ያቺን ቅዳሜ ካላስመዘገብሽ የሚቀጥለው ሰው ሲያመለክት እንደገና "የመጀመሪያ ጊዜ" ነው የሚባለው። ቀን፣ ሰዓት፣ ፓርኩ ውስጥ የት እንደሆነ፣ የውሻው መልክ፣ የሰውየው መልክ፣ ያየ ሰው ካለ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ላኪ፣ የማመልከቻ ቁጥርም ይስጡሽ።

የማታ ሺፍት
ወይ ጉድ፣ ለብስኩት ይሄ ሁሉ። ቀልዴን ነው። ግን እኔ ያላየሁት ነገር ቢኖር ቲኬት ሲቆረጥ ነው። ስንት ዓመት ፓርክ አቋርጬ ሥራ ስሄድ አንድ ዋርደን (ደንብ አስከባሪ) አላየሁም። ትእዛዝ ቢኖር ማን ያስከብረዋል?

ብስክሌተኛው
@የማታ ሺፍት ልክ ነህ፣ እኔም እዚያው ላይ ነኝ። የኛ ፓርክ በር ላይ ታፔላ አለ። የፓርኩ ካርታ በቀይ መስመር ተከቦ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የትእዛዙ ስም፣ ቀኑ፣ የቅጣቱ መጠን። ፕላስቲኩ ሽበት አውጥቷል፣ አረንጓዴ ነገር በቅሎበት ቀይ መስመሩ የት እንደሚያልፍ አይታይም። ቆሜ ላነበው ስሞክር ያለቀበት ቀን ካለፈ ቆይቷል። ታዲያ ይሄ ይሠራል አይሠራም?

አንቀጽ በአንቀጽ
ታፔላው ራሱ ሕግ አይደለም፣ ሕጉ ትእዛዙ ነው። ትእዛዝ ደግሞ ዕድሜ አለው። ከ3 ዓመት በላይ አይቆይም፣ ከማለቁ በፊት ካላራዘሙት ይሞታል። ታድሶ ታፔላው ሳይቀየር ቀርቶም ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ተረስቶም ሊሆን ይችላል። ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት አለበት፣ እዚያ ተመልከት። ቲኬት ቢቆረጥብህ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከ2014 በፊት ሌላ ነበር። በ2005 አዋጅ "የውሻ ቁጥጥር ትእዛዝ" የሚባል ነበር፣ አምስት የተወሰኑ ጥፋቶች ብቻ ነበሩት፦ አለማንሳት፣ አለማሰር፣ እሰር ሲባል አለማሰር፣ የተከለከለ ቦታ ማስገባት፣ ብዙ ውሻ ይዞ መምጣት። ያኔ ትንንሾቹ የመንደር ካውንስሎችም ማውጣት ይችሉ ነበር። አሁን ፒኤስፒኦ በእነሱ እጅ አይደለም። የድሮዎቹ ትእዛዞች በ2017 ጥቅምት ላይ በራሳቸው ወደ ፒኤስፒኦ ተለወጡ። ታፔላው ላይ 2005 የሚል ካየህ ለዚህ ነው፣ የተረሳ ሰሌዳ ነው።

ማን ያስከብራል ላልከው፣ ፖሊስ ይችላል፣ ካውንስሉ ሥልጣን የሰጠው ሰውም ይችላል። ሰው የለም የምትለው ግን እውነት ነው። ሰው የሌለው ትእዛዝ በር ላይ የተሰቀለ ጌጥ ነው። እኔም በዚህ እበሳጫለሁ።

ቡኒ እና እኔ
ዋርደን በሌለበት ሰዓት የሚጎዳው ደንብ አክባሪው ነው። ያ ባለጌ ዋርደን ቢኖርም ባይኖርም አያስርም። ካውንስሉ ቅሬታ ሲበዛበት ደግሞ ያ ሰውዬ ላይ ከመሄድ ፓርኩን በሙሉ "በገመድ ብቻ" ብሎ ይገላገላል። ለእሱ የሚቀለው እሱ ነው። እኔ መኪና የለኝም፣ ቡኒን የምፈታበት ሌላ ሜዳ የለኝም። ውሻ ሳይሮጥ ሲውል ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይጮሃል፣ በር ይቧጭራል፣ ውጭ ሲወጣ ይባስ ያብዳል። ልጅ ጋሪ ላይ የሚሰቀለው እንዲህ ያለው ነው።

አንቀጽ በአንቀጽ
@ቡኒ እና እኔ እዚህ ላይ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የ2006ቱ አዋጅ ባለቤቱ ለውሻው የሚያስፈልገውን እንዲያሟላ ያስገድዳል፣ እንቅስቃሴም እዚያ ውስጥ ነው። መንግሥት ለካውንስሎች ያወጣው መመሪያም ውሻ ላይ ገደብ ስትጥሉ ተፈቶ የሚሮጥበት ቦታ መኖሩን አስቡ ይላል። በ2017 መጨረሻም ትእዛዞቹ ለችግሩ የሚመጥኑ ይሁኑ ብለው መመሪያውን አጥብቀውታል። ከዚህ ያለፈ ትእዛዝ ከወጣ ደግሞ በዚያ አካባቢ የሚኖር፣ አዘውትሮ የሚሠራ ወይም የሚመላለስ ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ሃይ ኮርት ሊወስደው ይችላል። ገንዘብ ይፈልጋል፣ እሱን አልደብቅሽም። ርካሹ መንገድ ከመውጣቱ በፊት መናገር ነው። ካውንስሉ ትእዛዙን ሲያወጣም ሲያራዝምም ፖሊስን ማማከር፣ የሰፈሩን ተወካዮች መጠየቅ ግዴታው ነው። አብዛኛዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ መጠይቅ ያወጣሉ። እኛ ሐበሾች እዚያ አንገባም፣ ከዚያ ኋላ እዚህ መጥተን እንጮሃለን።

የማታ ሺፍት
ውሾቹ ይጮሃሉ ግመሉም ይሄዳል ማለት ይሄ ነው 😂

ከኤዲንብራ
ወገኖች፣ እየተከታተልኩ ነበር። ይሄ ሁሉ ፒኤስፒኦ የምትሉት እንግሊዝና ዌልስ ነው። ስኮትላንድ ያላችሁ እንዳትሳሳቱ። እዚህ በ2010 የወጣ የራሳችን የውሻ ቁጥጥር አዋጅ አለ። የካውንስሉ ባለሙያ ውሻውን መቆጣጠር ላቃተው ሰው የቁጥጥር ማስታወቂያ ይጽፍለታል፣ ውሻው የትም ይሁን የት። ፓርኩን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚከተለው፣ ለኔ ይሄኛው ይሻላል። ካካ ላለማንሳት ደግሞ የ2003 አዋጅ አለን፣ ቲኬቱ 80 ፓውንድ ነው።

ብስክሌተኛው
ኤክስኤል ቡሊ የሚሉት ትልቁ ውሻስ? ባለፈው አንዱ ያለ አፍ መሸፈኛ ሲያንሸራሽረው አየሁ። እሱም በፓርኩ ትእዛዝ ነው የሚታየው?

አንቀጽ በአንቀጽ
አይደለም። እሱ በቀጥታ በ1991ዱ አዋጅ ውስጥ ገብቷል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ2023 ታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ውጭ ሲወጣ ገመድም የአፍ መሸፈኛም ግዴታው ነው። ከ2024 የካቲት 1 ጀምሮ ደግሞ ልዩ የምስክር ወረቀት ከሌለህ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። የፓርኩ ትእዛዝ ስለ ገመድ ምንም ባይልም ለውጥ የለውም። ይህን ካየህ አትጠጋው፣ አታውራው፣ ለፖሊስ ደውል።

ለማንኛውም ውሻ የሚሠሩ ሁለት ነገሮች ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። በሕዝብ ቦታ ላይ ያለ ውሻ የአንገት ቀበቶው ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ መኖር አለበት፣ በ1992 የወጣ ደንብ ነው። ከ2016 ሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ማይክሮቺፕ ግዴታ ነው። ስልክ ቁጥር ብቻ የጻፈ ሰው ደንቡን አላሟላም።

እትዬ በሰማንያዎቹ
ልጆቼ እኔ አሮጊት ነኝ፣ ኮምፒዩተሩን የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። እኔን ያስቸገረኝ የጎረቤቴ ውሻ ነው። ፓርክ መግቢያው ላይ ሁልጊዜ ይዘልብኛል። አንድ ጊዜ ወንበሩን ተደግፌ ነው የተረፍኩት። ልጅየውን ክስ ውስጥ መክተት አልፈልግም፣ ጎረቤት ነው። ወንጀለኛ ሳይባል የሚሆን ነገር የለም?

አንቀጽ በአንቀጽ
እትዬ፣ አለ። ዕድሜው ከሁላችንም ይበልጣል፣ የ1871 የውሾች አዋጅ ነው። ወንጀል አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ነው። ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ውሻው አደገኛ እንደሆነና በሚገባ ቁጥጥር ሥር እንዳልሆነ ካመነ ባለቤቱ እንዲቆጣጠረው ያዛል። እሰረው፣ አፉን ሸፍነው፣ እዚህ ቦታ አታምጣው ሊል ይችላል። ሲከፋ ውሻው እንዲገደል የማዘዝ ሥልጣንም ስላለው ቀላል ነገር ነው ብለው አይግቡበት። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ አጭር ደብዳቤ በበሩ ሥር ይተዉለት እላለሁ። የወደቁ ዕለት ነገሩ ከጉርብትና ያልፋል፣ ያኔ 5 ዓመት የሚለው አንቀጽ ነው የሚመጣው። ይህን ቢያውቅ ለራሱም ይጠነቀቃል።

እትዬ በሰማንያዎቹ
ይባርክህ። ደብዳቤውን የልጅ ልጄ ይጽፍልኛል።

አወያይ
አንድ ማሳሰቢያ። የሰው ፎቶ ከነውሻው እዚህ መለጠፍ ክልክል ነው። ሁለት አጥፍቻለሁ። ለካውንስሉ ላኩት፣ እዚህ አይደለም።

ብስክሌተኛው
ሃይድ ፓርክስ? እሱም ካውንስል ነው?

አንቀጽ በአንቀጽ
አይደለም። ሃይድ ፓርክ፣ ሪችመንድ ፓርክ እና መሰሎቻቸው የንጉሣዊ ፓርኮች ናቸው፣ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ከከተማ ወጥታችሁ ሰው እንዲሄድባቸው በ2000 አዋጅ ክፍት የሆኑት ተራራና ገላጣ መሬቶች ላይ ደግሞ ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31 ውሻ በአጭር ገመድ መሆን አለበት፣ ወፎች መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ስለሆነ። በግና ከብት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ።

የመንታ እናት
ተመልሻለሁ። የፓርካችንን ትእዛዝ አገኘሁት፣ ካርታው አለው። የልጆች መጫወቻው ውስጥ ውሻ አይገባም። ኩሬው ዙሪያ በገመድ ነው። ትልቁ ሜዳና ሜዳውን የሚያቋርጠው መንገድ ግን ምንም አልተባለበትም፣ እኔ የነበርኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው። ሰውየው እውነቱን ነበር፣ አናደደኝ። "እሰር ሲባል ይሰር" የሚለው አንቀጽ ግን አለ፣ ለፓርኩ በሙሉ። ደግሞ ትእዛዙ ሊያልቅ ነው፣ መጠይቁ ክፍት ነው። ገመድ በየቦታው ይሁን ብዬ ልሞላ ነው።

ቡኒ እና እኔ
እባክሽ እንደዚያ አትሙዪው። ሜዳውን ከዘጉት እኔ የት ልሂድ? መንገዱን ጠይቂ። መንገዱ ላይ በገመድ፣ ሜዳው ላይ የተፈታ። በዚህ እኔም እፈርምልሻለሁ።

የመንታ እናት
ከሜዳው ተነስቶ አይደል እንዴ መንገዱ ላይ የመጣብኝ? መስመሩን ውሻው አያነበውም።

ቡኒ እና እኔ
እሱ ልክ ነሽ። ግን መንገዱ በገመድ ቢሆን ያን ቀን ሰውየው ቲኬት ይገባው ነበር፣ አሁን ግን ምንም የለውም። ወይ ደግሞ ሰዓት ጠይቂ። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት በሐበሻ ሜዳው ለውሻ፣ ከዚያ በኋላ በገመድ። አንቺ በዚያ ሰዓት ልጆች ይዘሽ አትወጪም።

የመንታ እናት
መንታ ያለው ሰው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ጀምሮ ነው የሚወጣው 😅 ሰዓቱን አልቀበልም። መንገዱን እጽፋለሁ፣ የታፔላውንና የዋርደኑን ነገርም እጨምራለሁ። ሜዳውን ዛሬ አልነካውም።

ቡኒ እና እኔ
ይሁን። እኔም ዛሬ ማታ እሞላለሁ። አንድ ጥያቄ ለአንቀጽ በአንቀጽ፦ ያ እየተሳበ የሚረዝመው ገመድ እንደ ገመድ ይቆጠራል?

አንቀጽ በአንቀጽ
ትእዛዙን እዪው። ርዝመት የጻፉ አሉ፣ ያልጻፉም አሉ። ከጻፉ በዚያ ልክ ቆልፈሽ ያዢው። ሰው ባለበት መንገድ ላይ አምስት ሜትር የተለቀቀ ቀጭን ገመድ ብስክሌተኛ ይጥላል።

ብስክሌተኛው
ጥሎኛል።